ሳላጨስ የፒፓ አዋቂ ሆንኩ

ኮፐንሃገን ውስጥ የድሮ ፒፓ እጁ የገባ አበሻ ፎቶ አንስቶ የሚልከው ለእኔ ነው። «ይሄን ማን ሠራው? ስንት ያወጣል?» ይለኛል። ትንባሆ በአፌ ዞሮ አያውቅም። እናቴ ጉዳዩን አልሰማችም፤ ባትሰማም ይሻላል።

ነገሩ የመጣው በፕራክቲክ ነው። እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ ቋንቋ እየተማርክ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ሥራ የምትለምድበት ቦታ ይመድብሃል። እኔን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አደረሰኝ። አንድ አዛውንት ሲሞቱ ልጆቻቸው ቤቱን ባዶ አድርገው ዕቃውን በካርቶን ያመጡታል። ሳህኑ፣ መጋረጃው፣ የግድግዳ ሰዓቱ። ከሥር ደግሞ ፒፓ አይጠፋም።

ሱቁን በነጻ የሚያግዙ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ሌላው ሠራተኛ ፒፓውን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ጥሎ እኩል ዋጋ ሲለጥፍበት ያንገበግባቸዋል። እውነታቸውን ነው። አንዱ ፒፓ የቡና መጠጫ ሲያወጣ ሌላው የወር የቤት ኪራይ ሊከፍል ይችላል።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ የተጻፈውን ስም ቶሎ እንዳላምን ነው። የፒፓው አንገት ላይ በግራና በቀኝ የተመታ ትንሽ ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው እሱን አንብቦ «አገኘሁት» ይላል። ስሙ ግን የሻጩ እንጂ የሠሪው ላይሆን ይችላል።

ደብሊው ኦ ላርሰን የሚል አገኘህ እንበል። ይሄ በ1864 የተከፈተ፣ ስትሮየት በሚባለው የከተማው ዋና የእግረኛ መንገድ ላይ የነበረ የትንባሆ ሱቅ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዛሬ በራሳቸው ስም የሚታወቁት ቴዲ ክኑድሰን፣ ቶኒ ኒልሰን፣ «ፎርመር» የሚሉት ሃንስ ኒልሰን ሁሉ ለዚያ ቤት ሠርተዋል። እንጨቱን የጠረበው እጅ የእነሱ ሆኖ፣ ፒፓው ላይ የቀረው የሱቁ ስም ነው። ሆቴል ውስጥ ከጓዳ ሆኖ ወጥ የሠራ አበሻ ይሄን ቶሎ ይረዳዋል።

ቤን ዌድ የሚል የፒፓ ስም ይባስ ያምታታል። ስሙ የእንግሊዝ ነው፤ የሊድስ ከተማ። በ1970ዎቹ በዚህ ስም አሜሪካ የተሸጡት ግዙፍና ቅርጻቸው ያበደ ፒፓዎች ግን የወጡት እዚሁ ዴንማርክ፣ ፕሬበን ሆልም ከተባለ ፒፓ ሠሪ ዘንድ ነው። ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ገና ቅርፊቱ ያልተላጠ ይመስላል። ከስሙ ሥር «በዴንማርክ በእጅ የተሠራ» የሚል ካለ ወደ እሱ ነው የሚያመራህ። ለእኔ ዓይን ትንሽ ይበዛብኛል።

ለጀማሪ የምመክረው ስታንዌልን ነው። በየካርቶኑ አለ፤ ርካሽ ነው፤ ምልክቱም ይነበባል። ፖል ኒልሰን የተባለ ሰው በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1942፣ የእንግሊዝ ፒፓ ከገበያ ሲጠፋ ባገኘው የአገር እንጨት ጀመረው። ገዢው የእንግሊዝ ነገር ስለሚወድ ስታንዌል አለው። በኋላም የራሱን የቤተሰብ ስም ስታንዌል ብሎ ቀየረ። ለሥራ ማመልከቻ ስሙን አሳጥሮ የሚሸማቀቅ ወንድሜ ይሄን ይወቅ።

አፍ የሚይዘው ጥቁር ክፍል ላይ ዘውድ የደፋ ኤስ ፊደል አለ። አንገቱ ላይ 969-48 የሚል የምዝገባ ቁጥር ካለ ፒፓው የቆየ ነው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት ላይ ያን ቁጥር አታገኘውም። ከዚያ ውጭ ያለው ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ የቅርጹ መለያ ነው። 56 የሚለውን አይቶ «የ1956 ነው» እያለ የሚሸጥ ሞልቷል፤ አትስማው።

ከእነዚያ ቅርጾች ብዙዎቹን የነደፈው ሲክስተን ኢቫርሰን ነው። የዴንማርክ ፒፓ አባት የሚሉት እሱን ነው፤ ሰውየው ግን ስዊድናዊ ነው! ኮፐንሃገን ውስጥ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ሲሠራ ፒፓው ተሰበረበትና ሱር ወደሚባል ፒፓ ቤት ለጥገና ወሰደው። እዚያው ተቀጠረ። ልጁ ላርስ፣ የልጅ ልጁ ናናም ያንኑ ሙያ ያዙ። ሲክስተን ራሱ በእጁ የሠራቸው የፒፓ ሰብሳቢዎች ሕልም ናቸው፤ የእኛ ሱቅ ካርቶን ውስጥ እስካሁን አልመጡም።

ጽሑፉ ሲደበዝዝ የስልክህን መብራት ከጎን አስተኝተህ አብራበት። ከላይ ካበራህ ምንም አይታይህም። ፎቶ ስትልኩልኝም እንዲሁ አድርጉ፤ የፒፓው ቁመና ብቻውን አይበቃኝም። ደግሞ እባካችሁ በማሽን አሽታችሁ አታንጸባርቁት። ፊደሉ ተፍቆ ይጠፋል፣ ዋጋውም አብሮ። አፍ መያዣው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢመስል አያስደንግጣችሁ። ኤቦናይት የሚባል ድኝ ያለበት ጠጣር ጎማ ነው፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበልዛል።

እንጨቱ ምን እንደሆነ ሽማግሌውን ስጠይቃቸው የዛፉን ፎቶ በስልክ አሳዩኝ። አስታ! ደባርቅ ላደገ ሰው አስታ ማገዶ ነው፤ ስሜን ተራራ ሞልቷል። ለፒፓ የሚሆነው ሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅለው ነው። ግንዱ ሳይሆን ሥሩ ላይ የሚያብጠው ጉጥ ይቆረጣል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል። እሳት ቶሎ አይበላውም። የነገርኳቸው ቀን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እሳቸው ስሜንን በካርታ ሲፈልጉ ነበር።

አንዳንዱ ፒፓ ላይ «ዴንማርክ» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ቅርጹን አይቶ መገመት የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልደፍርም። «ሠሪው ያልታወቀ» ብዬ ወረቀት እለጥፍበታለሁ። በቀደም አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለውን አንስቶ «ኢቫርሰን ብለህ ጻፍበት፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። ሃምሳ ክሮነር ከፍሎ ወሰደው። አሁን ምን ብሎ እንደሚሸጠው እሱ ያውቃል።