ክሎሪን ያልበገረው የገንዳ አልጌ

የመዋኛ ገንዳዬ ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያረነጉድ እንደ ብዙው የገንዳ ባለቤት ክሎሪን ጨመርሁ። ውሃው በሁለት ቀን ጠራ፤ በሳምንቱ ግን ግድግዳው እንደገና ያሙለጨልጭ ጀመር። ደግሜ ጨመርሁ፤ ደግሞ ተመለሰ። ለወር ያህል በዚህ ዓይነት ከተመላለስን በኋላ ነው፣ መለኪያው በሊትር 3 ሚሊ ግራም ክሎሪን እያሳየኝ፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው ይህ አልጌ እንዴት ሊኖር ቻለ ብዬ መጠየቅ የጀመርሁት።

መልሱን ያገኘሁት እስከዚያ ድረስ ለክቼው በማላውቀው ነገር ውስጥ ነበር። ፀሐይ በውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪን ፈጥና ስለምታጠፋው፣ እንዲቆይ የሚያደርግ ሲያኑሪክ አሲድ የሚባል ማረጋጊያ ያስፈልጋል። እኔ ስጠቀምባቸው የነበሩት፣ ቀስ እያሉ የሚሟሙት የክሎሪን እንክብሎች ይህንን ማረጋጊያ በውስጣቸው ይዘዋል፤ 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን በሰጡ ቁጥር 6 ሚሊ ግራም ያህል ማረጋጊያ አብረው ይጨምራሉ። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ያልቃል፤ ማረጋጊያው ግን ከውሃው ጋር አይተንም፣ በአሸዋ ማጣሪያም አይያዝም፣ ስለዚህ ከወር ወር ይጠራቀማል። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲሆን ክሎሪኑን ይጠብቃል፤ የእኔ 100 ደርሶ ነበርና፣ መለኪያው የሚያየው ክሎሪን አብዛኛው በማረጋጊያው ታስሮ የተቀመጠ፣ አልጌን ለመግደል አቅም ያልነበረው ነበር። መድኃኒት ነው ብዬ በየሳምንቱ የጣልሁት እንክብል በሽታውን ሲያጠናው ከረመ ማለት ነው።

ለዚህ አስተማማኝ መፍትሔው ውሃ መቀየር ነው። ግማሹን ውሃ አፍስሼ በአዲስ ስተካው ማረጋጊያው ወደ 50 ወረደ። ገንዳውን ጨርሶ ባዶ ማድረግ ግን አልመክርም፤ መሬት ውስጥ የተሠራ ገንዳ ባዶ ሲሆን የከርሰ ምድር ውሃ ከሥር ገፍቶ ሊያነሳው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ቀጥዬ ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት ልክ፣ ወደ 7.2 አወረድሁ። ይህን ያስቀደምሁት ክሎሪኑ ከ10 ሚሊ ግራም ካለፈ በኋላ የፒኤች መለኪያው ንባብ ስለማይታመን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው። ማረጋጊያ የሌለበትን ፈሳሽ ክሎሪን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨምሬ መጠኑን የማረጋጊያው 40 በመቶ ወደሆነው፣ ማለትም በሊትር ወደ 20 ሚሊ ግራም አደረስሁት። የቀድሞ ስህተቴ አንድ ጊዜ ብዙ ጨምሬ መተኛቴ ነበር፤ አልጌው ክሎሪኑን ሲበላው መጠኑ ይወርዳል፣ የተረፈውም እንደገና ይራባል። ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ እየለካሁ የጎደለውን እተካ ነበር። በነገራችን ላይ፣ በቀለም የሚሠራ መለኪያ ክሎሪኑ በጣም ሲበዛ ቀለሙ ራሱ ይነጣና ውሃው ጭራሽ ክሎሪን የሌለበት ያስመስላል፤ እኔም አንድ ማታ በዚህ ተታልዬ ሳያስፈልግ ደርቤበታለሁ። የተለያዩ የክሎሪን ዓይነቶችን በአንድ ባልዲ ማደባለቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ክሎሪንን ከአሲድ ጋር ማገናኘት ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የገንዳው ወለል በግልጽ እስኪታይ ድረስም ማንም ሰው መግባት የለበትም።

ያለ ቡሩሽ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። አልጌው ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርቶ ከሥሩ ስለሚደበቅ፣ ሽፋኑ ካልተፋቀ ክሎሪኑ አይደርስበትም። ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር፤ የማጣሪያው ግፊት ንጹሕ ከነበረበት በሩብ ያህል ከፍ ባለ ቁጥር ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ እየለቀቅሁ አሸዋውን አጥባለሁ። በሁለተኛው ቀን ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ደብዛዛ ግራጫ ተለወጠ፤ ይህ የሞተ አልጌ ነው፣ የቀረው ማጣራት ብቻ ነው።

ማቆሚያውን የወሰነልኝ የውሃው መጥራት ሳይሆን የሌሊት ፈተና ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ክሎሪኑን ለክቶ ጎህ ሳይቀድ እንደገና መለካት። ፀሐይ በሌለችበት ሌሊት ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ከጎደለ አንድ የሚበላው ነገር አሁንም አለ። የእኔ ውሃ እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ ለሁለት ሌሊት ይህን ፈተና ወደቀ። በጥላው በኩል ያለው ግድግዳ ላይ አሸዋ የሚመስል ቢጫ ብናኝ ነበር፤ በቡሩሽ ሲነኩት እንደ ደመና ይነሳና በማግስቱ ተመልሶ ይቀመጣል። ቢጫ አልጌ የሚባለው ዓይነት ይህ ነው። መዳብ ያለበት የአልጌ ማጥፊያ እንድጨምር የመከሩኝ ነበሩ፤ መዳብ ልስኑን ሊያበላሽ ስለሚችል ትቼው መደበቂያውን መፈለግ መረጥሁ። ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጥፍቼ የውሃ ውስጥ መብራቱን ከጎድጓዳው ሳወጣው ጀርባው በሙሉ ቢጫ ነበር፤ ከመሰላሉ ባዶ ቱቦዎችም ስነቀንቃቸው ያው ብናኝ ፈሰሰ። ሁሉንም ፍቄ፣ ቡሩሹን ራሱን በክሎሪን ውሃ ዘፍዝፌ፣ የክሎሪኑን መጠን ለሦስት ተጨማሪ ቀናት ሳላወርድ ቆየሁ። በአራተኛው ጠዋት የሌሊቱ ጉድለት ከግማሽ ሚሊ ግራም በታች ሆነ።