ሃዮሊትን የት እናስቀምጣት?

ሰላም ሰላም! ከጠፋሁ ቆየሁ። ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ቴሌግራም ስከፍት የድሮ የክፍል ጓደኛዬ፣ ጂኦሎጂ አብረን የተማርነው፣ አሁን አገር ቤት ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፓሊዮንቶሎጂ (የቅሪተ አካል ጥናት) ያስተምራል፣ አራት ቮይስ በተከታታይ ልኮልኛል። ሦስቱ ሰላምታና የቤተሰብ ጥየቃ ነው፣ አራተኛው ላይ ግን «ስማ ወንድሜ፣ ሃዮሊትን የት ነው የማስቀምጣት? እኛ ስንማር ሞለስክ ጋ ነበረች፣ አሁን አንዱ ብራኪዮፖድ ናት ይላል ሌላው አይደለችም ይላል፣ ሐሙስ ክላስ አለኝ» ይላል። ሃዮሊት ድሮ የጠፋች ዛጎል ያላት ትንሽ የባህር እንስሳ ናት፣ ሞለስክ እነ ቀንድ አውጣ፣ ክላምና ስኩዊድ ያሉበት ወገን ነው፣ ብራኪዮፖድ ደሞ ሌላ ባለሁለት ዛጎል የባህር እንስሳ ነው። መልስ ልቀዳለት ጀመርኩና ሰባት ደቂቃ ሲሞላ ተውኩት፣ በቃ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፣ ምክንያቱም ይቺን እንስሳ ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው የምወዳት፣ ስለሷ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ደሞ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሃዮሊት ምን እንደምትመስል ልንገራችሁ። የቀንድ ዋንጫ ታውቃላችሁ አይደል፣ ጠጅ የሚጠጣበት፣ እሱን አሳንሱት አሳንሱትና ከ1 እስከ 4 ሴንቲሜትር አድርሱት፣ አንደኛው ጫፍ ሹል ነው፣ ሌላኛው አፍ ነው፣ አፉ ላይ ደሞ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አለው። ዋንጫው ክብ አይደለም፣ በመጋዝ ብትቆርጡት ሦስት ማዕዘን ነገር ይወጣዋል፣ ከታች ጠፍጣፋ ከላይ ጀርባ ያለው፣ የታችኛው ከንፈሩ ደሞ ወደፊት ወጣ ይላል። አሁን በክዳኑና በዋንጫው መሃል ግራና ቀኝ ሁለት ወደታች የታጠፉ ቀጫጭን ቀንዶች ጨምሩበት። እነዚህ ቀንዶች ስማቸው ሄለን ነው፣ አዎ ሄለን፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ያለችውን ሄለን ራሷን። ዋልኮት የሚባለው አሜሪካዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ከሌላው አካል ተነጥለው ድንጋይ ውስጥ ሲያገኛቸው ራሳቸውን የቻሉ እንስሳ መስለውት ሄሌኒያ ብሎ ስም አወጣላቸው፣ በኋላ የሃዮሊት አካል መሆናቸው ሲታወቅ ስሙ በዚያው ቀረ። ሁሉም ሃዮሊት ሄለን የላትም፣ ኦርቶቴሲድ የሚባሉት የላቸውም፣ ያላቸው ሃዮሊቲድ የሚባሉት ናቸው።

ዘመኗ ረጅም ነው። ካምብሪያን መጀመሪያ አካባቢ ከ530 ሚሊዮን ዓመት በፊት ብቅ አለች፣ ካምብሪያን ውስጥ ባህሩን ሞላችው፣ ከዚያ እየሳሳች እየሳሳች ሄዳ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በፐርሚያን መጨረሻ፣ ያ ትልቁ እልቂት የባህሩን ሕይወት አብዛኛውን ጠርጎ ሲወስድ፣ ከነጭራሹ ጠፋች። አስቡት እስቲ፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ዘር፣ ዳይኖሰሮች ከኖሩበት ጊዜ የሚበልጥ፣ ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

ይሄ ነገር ለምን እንደከበደ የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። ለፊልድ ወጥተን ከጎሐ ፅዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ላይ ገደሉን እየወረድን ነበር፣ እዚያ ያለው የኖራ ድንጋይ የአንታሎ ይባላል፣ ጁራሲክ ነው፣ ወደ 160 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፣ ያኔ ያ አገር ባህር ነበር። ከድንጋዩ የወጣች የለውዝ ፍሬ የምታህል ሁለት ዛጎል ገጥማ የተዘጋች ነገር አገኘሁና ሮጬ ለአስተማሪያችን አሳየኋቸው፣ «ባይቫልቭ አገኘሁ!» አልኩ፣ እነ ክላም ያሉበት ወገን ማለቴ ነው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና «ልጄ፣ መስመሩን ፈልግ» አሉኝ። የክላም ሁለቱ ዛጎሎች እንደ ሁለት መዳፍ ናቸው፣ አንዱ የሌላው መልክ ነው፣ የብራኪዮፖድ ግን አንደኛው ዛጎል ከሌላኛው ይለያል፣ ይተልቃል፣ ይጎብጣል፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ዛጎል መሃል ለመሃል መስመር ብታሰምርበት ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። የኔዋ ብራኪዮፖድ ነበረች። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንትያ የሚመስሉ ሁለት እንስሳት ውስጣቸው ፈጽሞ አይገናኝም፣ ክላም የቀንድ አውጣና የስኩዊድ ዘመድ ነው፣ ብራኪዮፖድ ደሞ ሌላ ቤት ነው፣ አፉ ዙሪያ ሎፎፎር የሚባል የክር ክር ነገር ዘርግቶ በክሮቹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ውሃ እየነዳ ምግብ የሚለቅም። (በነገራችን ላይ ዓባይ በረሃ ውስጥ ሃዮሊት አትፈልጉ፣ ያ ድንጋይ ሲሠራ ከጠፋች ቢያንስ 80 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል።)

እንግዲህ ብራኪዮፖድ ዛሬም ባህር ውስጥ በሕይወት ስላለ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሃዮሊትን ማን ይክፈታት? ለብዙ ዘመን የነበረን ዛጎሏ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ስሟ በሳይንስ ከተመዘገበ ቆይቷል፣ አይክዋልድ የተባለ ሰው ሃዮሊቴስ ብሎ የሰየመው በፈረንጆቹ 1840 ነው። በዚያ ዘመን ፕቴሮፖድ ናት ይባል ነበር፣ ማለትም ክንፍ በሚመስል እግሩ የሚዋኝ ትንሽ የባህር ቀንድ አውጣ፣ ምክንያቱ ደሞ የአንዳንዱ ፕቴሮፖድ ዛጎልም ሹል ዋንጫ ስለሆነ ነው፣ ሄለኖቹም የክንፍ ድጋፍ ይመስሉ ነበር። ከዚያ በ1970ዎቹ ጭቅጭቁ ጠና። በ1975 ራኔጋርና ባልደረቦቹ ይቺ እንስሳ የማንም አይደለችም፣ የራሷ ፋይለም (ትልቅ የእንስሳት ምድብ) ይገባታል፣ ሃዮሊታ እንበላት አሉ። በዓመቱ ማሬክና ዮከልሰን አይ ሞለስክ ናት ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገን ብልህ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ዛጎል፣ ያንኑ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ያንኑ የጡንቻ ጠባሳ ነው። አንዳንድ ናሙና ላይ አንጀቱ በደለል ተሞልቶ ቀርቷል፣ ኦርቶቴሲዶቹ ላይ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ይታያል፣ ግን ከአንጀት ብቻ ተነስቶ ዘመድ መቁጠር ከባድ ነው። እኛ ስንማር ሃንዳውቱ ላይ «ምድቧ ያልተወሰነ» የሚል ቃል ከስሟ ጎን ነበር፣ እኔ ከክላሱ ሁሉ በጣም የያዘኝ ያ ቃል ነው፣ ዛሬ ድረስ አልለቀቀኝም።

ለውጡ የመጣው ካናዳ ውስጥ ካለ ተራራ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ዮሆ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በርጀስ ሼል የሚባል ቦታ አለ፣ ያው ዋልኮት በ1909 ያገኘው፣ 508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ጥቁር ንጣፍ ድንጋይ፣ እዚያ የባህር ወለል ላይ የነበሩ እንስሳት በጭቃ ናዳ ድንገት ተቀብረው ኦክስጅን ስላላገኛቸው ለስላሳ አካላቸው ሳይበሰብስ ስስ የካርቦን ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ዓይን፣ አንጀት፣ ጉሮሮ፣ ሌላ ቦታ በጭራሽ የማይተርፈው ሁሉ። እዚያ ያለችው ሃዮሊት ሃፕሎፍሬንቲስ ትባላለች፣ በመቶዎች ሳይሆን በሺህ ተለቅማ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ገብታለች።

እና ጆሴፍ ሞይሲዩክ የሚባል ልጅ፣ ያኔ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበር፣ ልብ በሉ ገና ዲግሪውን ያልጨረሰ፣ ከሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየሙ ዣን በርናር ካሮንና ከእንግሊዙ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ስሚዝ ጋር ሆኖ ከ1500 በላይ ናሙና አገላብጦ አየ። ከ1500 በላይ! አብዛኛው ላይ ያለው ያው ዛጎልና ሄለን ነው፣ ጥቂቶቹ ላይ ግን ከክዳኑ ሥር የጭረት ያህል ቀጭን ነገር አለ። ከ12 እስከ 16 የሚሆኑ ተለጣጭ ክሮች፣ አፉ መሃላቸው ሆኖ ከአንድ ቅስት የሚወጡ፣ ያ ቅስት ደሞ የሚበር ወፍ ክንፍ ሲዘረጋ የሚሠራውን ቅርጽ ይሠራል። ሎፎፎር ነው አሉ። በጃንዋሪ 2017 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲወጣ እኔ ቶሮንቶ መጥቼ ሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር፣ ብሬክ ላይ ስልኬ ላይ አነበብኩት፣ አንብቤ ስጨርስ ብሬኩ አልቆ ነበር፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። ለማን ልንገር? አጠገቤ ያለው ሰው ሃዮሊት ምን እንደሆነች አያውቅም። ለዚህ ለጓደኛዬ ሜሴጅ ላኩለት፣ አገር ቤት ጠዋት ስለነበር ወዲያው «አትለኝም!» ብሎ መለሰልኝ።

በነሱ አተረጓጎም ሄለኖቹ ምርኩዝ ናቸው። እንስሳዋ ጭቃው ላይ ተኝታ ሁለቱን ሄለን ወደታች ተክላ ፊቷን ከደለሉ ቀና ታደርጋለች፣ ክዳኗን ትንሽ ከፈት አድርጋ ክሮቿን ትዘረጋለች፣ ውሃው ይዞት የመጣውን ትለቅማለች፣ አደጋ ሲመጣ ክዳኗን ጥርቅም። ይሄ ለኔ በጣም ሕይወት ያለው ሥዕል ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ዋንጫ ሲወራ ቆይቶ ድንገት ዋንጫው ውስጥ የሚበላ የሚፈራ ፍጡር መጣ። የምትፈራውም ነገር ይታወቃል፣ ኦቶያ የሚባል አዳኝ ትል እዚያው በርጀስ ሼል ውስጥ አለ፣ ሆዱ ውስጥ ሃፕሎፍሬንቲስ ከነዛጎሏ ተውጣ ተገኝታለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለጓደኛዬ «ብራኪዮፖድ ጋ ጻፋት» ብዬ እገላገል ነበር። አላለቀም። መጀመሪያ የሚደግፍ ነገር መጣ፣ በ2018 ቻይና ዩናን ውስጥ ካለው ከቸንግጂያንግ፣ እሱ ከበርጀስ ሼልም በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይቀድማል፣ ፔዱንኩሎቴካ የምትባል ኦርቶቴሲድ ወጣች፣ ከሹሉ ጫፏ ላይ ከባህር ወለል ጋር የሚያጣብቃት ግንድ ነገር አላት፣ ብራኪዮፖድም እንደዚያ ዓይነት ግንድ አለው። ጥሩ። ከዚያ ደሞ እዚያው ቸንግጂያንግ ሌላ ሃዮሊት፣ ትሪፕሊካቴላ፣ ለስላሳ አካሏ ተርፎ ተገኘና በ2020 ያጠኗት ሰዎች እኛ ያየነው ሎፎፎር አይደለም፣ ቀለል ያለ የክር ችፍርግ ነው፣ ስለዚህ ሃዮሊትን ብራኪዮፖድ ቤት ማስገባት ጥድፊያ ነው አሉ። በዚህ መሃል ዛጎሉን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያዩት ደሞ የራሳቸውን ይዘው መጡ፣ ዛጎሉ አራጎናይት ከሚባል ማዕድን ነው፣ የማዕድኑ ቃጫ በጥቅል በጥቅል ሆኖ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ አቅጣጫ እየቀየረ ልክ እንደ ኮምፔንሳቶ ተነባብሯል፣ ይሄ አሠራር የጥንት ሞለስኮች ላይ ያለ አሠራር ነው።

አያችሁ? ክሮቹ ወደ ብራኪዮፖድ ይጎትታሉ፣ ዛጎሉ ወደ ሞለስክ ይጎትታል። ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው ደሞ ጭራሽ ባዕድ አይደሉም፣ ሞለስክም ብራኪዮፖድም ሎፎትሮኮዞአ የሚባል አንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፣ የምድር ትልም እዚያው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ጭቅጭቁ የማያልቀው ሃዮሊት ከዚህ ግንድ ሥር አካባቢ፣ ቅርንጫፎቹ ገና ሲለያዩ ከነበሩበት ቦታ ስለተነሳች ነው፣ ያኔ አባወራው የነበረው ንብረት ለሁሉም ልጆች ተከፋፍሎ ከሆነ አንዷ ልጅ ላይ የሁለቱም ወንድሞች መልክ ቢገኝ ምን ይገርማል? ግን ይሄ የኔ ግምት ነው። ከማስረጃው ክብደት አንጻር ካላችሁኝ ወደ 2017ቱ አደላለሁ፣ ከዛጎል ይልቅ ለስላሳውን አካል አምናለሁ፣ ዛጎል ሦስት አራት ጊዜ ለየብቻው ተመሳሳይ ሆኖ ሊፈጠር ይችላል፣ ዓባይ በረሃ ላይ ያየሁት እሱን ነው። የትሪፕሊካቴላ ክር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ምክንያቱም የዕድሜ ባለጸጋዋ እሷ ናት፣ ከመጀመሪያው ቀለል ያለ ነበር ከተባለ ሎፎፎር የሚመስለው በኋላ የመጣ ሊሆን ነው።

ለጓደኛዬ ያልኩት ይሄ ነው፤ ሐሙስ ቦርዱ ላይ ሁለት ሳጥን ሥራ፣ ሞለስክና ብራኪዮፖድ፣ ሃዮሊትን መሃላቸው ሳላት፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ክሩን፣ ግንዱን፣ ዛጎሉን፣ አንጀቱን አንድ በአንድ ወደየትኛው ሳጥን እንደሚስብ ቀስት ያስምሩ። ከ2018 በኋላ የወጡትን ሦስት ጽሑፎችም ፒዲኤፍ ልኬለታለሁ፣ እዚያ ኔትወርኩ ስለሚያስቸግር ሌሊት ዳውንሎድ ያደርጋቸዋል።

እሁድ ደሞ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም እሄድለታለሁ። የጥንት ሕይወት ጋለሪው በ2021 ከተከፈተ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሃፕሎፍሬንቲስ ክሮቿ በዓይን አይለዩም፣ ክዳኗና ሁለቱ ሄለኖቿ ግን መብራቱ በጎን ሲመታቸው ጥርት ብለው ይወጣሉ፣ ትንሽ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። ከዚያ አንግል ፎቶ አንስቼ ከክላሱ በፊት እልክለታለሁ።