ትራፕ እያለው ያልሰማኝ ስክሪፕት

ሌሊት ሌሊት የዳታቤዝ ባክአፕ የሚወስድ የባሽ (የትዕዛዝ መስመር ፕሮግራም) ስክሪፕት አለኝ። ሁለት ቅጂ በአንድ ጊዜ እንዳይሠራ ሲነሣ ሎክ ፋይል (እየሠራ መሆኑን የሚያመለክት ፋይል) ይፈጥራል፤ ሲጨርስ ያጠፋዋል። መሐል ላይ ቢቋረጥ ፋይሉ እንዳይቀር ሲግኢንትንና ሲግተርምን (ፕሮግራም እንዲቆም የሚጠይቁ ሲግናሎችን) የሚይዝ ትራፕ፣ ማለትም ሲግናል ሲመጣ የሚሠራ ትዕዛዝ ጻፍኩለት፤ ተርሚናል ላይ አስነሥቼ ኮንትሮል ሲ ስጫን ወዲያው አጽድቶ ስለ ወጣ ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሥራ ላይ እያለ ላስቆመው የፕሮሰስ ቁጥሩን ይዤ ኪል በሚባለው ትዕዛዝ ሲግተርም ብልክለት ምንም አልሆነም። ግማሽ ደቂቃ ጠብቄ ትዕግሥቴ ሲያልቅ በ9 ቁጥር፣ ማለትም በሲግኪል ገደልኩት። ሎክ ፋይሉ እዚያው ቀረ፤ በቀጣዮቹ ሦስት ሌሊቶችም ስክሪፕቱ «ሌላ ቅጂ እየሠራ ነው» እያለ ያለ ባክአፕ ወጣ። ሲግኪል በትራፕ የማይያዝ ስለሆነ ለዚህ ተወቃሹ እኔ ነኝ። የገረመኝ ግን መጀመሪያ የላክሁት ሲግተርም አለመሰማቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባሽ ከፊት ያስነሣው ትዕዛዝ እየሠራ ሳለ ሲግናል ቢደርሰው ትዕዛዙ እስኪያበቃ ድረስ ትራፑን አያስኬድም፤ ዳምፑ (ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው ትዕዛዝ) 40 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ትራፑም 40 ደቂቃ ተራውን ይጠብቃል። ኮንትሮል ሲ ሲጫኑ ግን ተርሚናሉ ሲግኢንትን ከፊት ላለው የፕሮሰስ ቡድን በሙሉ ስለሚልክ ዳምፑም አብሮ ይሞታል፣ ባሽም የሚጠብቀው ነገር ስለማይኖር ወዲያው ወደ ትራፑ ያልፋል። ኪል የሚደርሰው ግን ቁጥሩ ለተጠራው ፕሮሰስ ብቻ ነው። ስለዚህ በኪቦርድ ያደረግሁት ሙከራ ጭራሽ ሌላ ነገር ነበር የፈተነው።

አሁን ዳምፑን በአምፐርሳንድ (&) ወደ ጀርባ ልኬ፣ ቁጥሩን መዝግቤ፣ ዌይት በሚባለው የባሽ ትዕዛዝ እጠብቀዋለሁ፤ ዌይት ትራፕ የተጻፈለት ሲግናል እንደ መጣ ከ128 በላይ በሆነ ኮድ ይመለሳልና ትራፑ ሳይዘገይ ይሠራል። ትራፑም ለዳምፑ ሲግተርም ይልካል፣ መሞቱን እንደገና በዌይት ያረጋግጣል፣ በግማሽ የቀረውን ፋይል ያጠፋል፣ በመጨረሻም በ143 (128 ሲደመር 15፣ የሲግተርም ቁጥር) ይወጣል። እዚህ ላይ ሲግኢንትን መላክ አይጠቅምም፤ ስክሪፕት ወደ ጀርባ የሚልከው ትዕዛዝ ሲግኢንትን ቸል እንዲል ሆኖ ነውና የሚነሣው።

ሎክ ፋይሉንም ፋይል በሚቆልፈው ፍሎክ በሚባል ትዕዛዝ ተክቼዋለሁ። ቁልፉን የሚይዘው ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ስለሆነ፣ በ9 ቁጥር እንኳ ብገድለው ፋይሉን ከፍቶ የያዘው የመጨረሻው ፕሮሰስ ሲሞት ቁልፉ በራሱ ይለቀቃል። ወላጁን አጥቶ ብቻውን መሥራቱን የቀጠለ ዳምፕ ካለ ደግሞ ቁልፉ እሱ እስኪያበቃ እንደ ተያዘ ይቆያል፤ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።