ጠዋት ለግድግዳ፣ ከሰዓት ለሸራ

መጀመሪያ የጻፍኩበት ግድግዳ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነው። ለዒድ አዲስ ኖራ ተቀብቶ በጨረቃ ያበራ ነበር። ሁለት ጣሳ ስፕሬይ በፌስታል ይዤ ሄድኩ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። በቁመቴ ልክ «ድሬ» ብዬ ጻፍኩና ሮጥኩ። በሦስተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት ሱቅ ደጃፍ ላይ አገኘችኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለሌለ፣ በዕድሜ አያቴ ብትሆንም አንቺ እያልኳት ነው ያደግኩት። ጥፍሬ ሥር የቀረውን ቀይ አየችና እጄን ያዘች።

«አንተ ልጅ፣ ለዒድ የቀባሁትን ነው ያበላሸኸው? ና አቦ፣ እንዳገኘኸው አድርገህ መልስልኝ።»

ሁለት ቀን በስፓቱላ ፋቅኩ። ቀለሙ ከጀርባው ነጭ ዱቄት ይዞ እንደ ተላጠ ቆዳ እየተነሳ መጣ። የኖራ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ኖራ ሲነኩት እጅ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ በላዩ ያረፈው ቀለም የያዘው ዱቄቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ዛሬ ኖራ ላይ ከመሥራቴ በፊት በሽቦ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ በደንብ ሲደርቅ ደግሞ በውኃ የቀጠነ ፕላስቲክ ቀለም አጠጣዋለሁ። ይህን የዘለለ ሰው ሥራው ክረምቱን አያልፍም።

ኖራውን መልሼ ስጨርስ አዴ የግቢውን በር አሳየችኝ። «እጅህስ ጥሩ ነው። በሩን ሥራልኝ፤ ግድግዳውን ግን አትንካ።» የብረት በር ነበር። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ አንቱረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ መታሁት፣ ከዚያ ቀይ ሲንቴቲክ፣ የዘይቱን ቀለም፤ በላዩ ላይ የልጆቿን ስም በሐረግ ጠለፍኩ። ምሳ አበላችኝ፣ ብርም ሰጠችኝ። ሥዕል ሠርቼ የተከፈለኝ የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ እሺ ያላለኝን ግድግዳ ነክቼ አላውቅም። ግራፊቲ የሚባለው ሳያስፈቅዱ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ስለሆነ «ታዲያ ግራፊቲነቱ የቱ ላይ ነው?» የሚሉኝ ልጆች አሉ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ወጣቶቹ ስማቸውን የጻፉት ባቡር ላይ ነበር፤ ባቡሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። የመጋላው ግድግዳ ግን አንዲት ሴት ለበዓል ጎንበስ ቀና ብላ የቀባችው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጌ ማየት አልችልም።

ፊደል አጣጣል የተማርኩት ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ታፔላ ጻፊ ዘንድ ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ጌጡ እግሩና ቅጥሉ ላይ ነው ያለው። «ሬ» ላይ ያለችውን ቀለበት ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ጎትቼ ብወስዳት አላፊ አግዳሚው «ሬ» ብሎ ያነባል። ከጣልኳት ግን «ረ» ሆነች፤ ቃሉም ጠፋ። ምን ያህል መለጠጥ እንደሚቻል፣ የቱ ጋ መቆም እንዳለበት፣ ያን ልክ ያገኘሁት ታፔላ ስጽፍ ነው።

ወደ ሸራ ስገባ ከበደኝ። አቡጀዲ ገዝቼ አናጢ በሠራልኝ ፍሬም ላይ ወጠርኩ፣ ነጭ ቀለም ሦስት ጊዜ አለበስኩት፣ ከዚያ የግድግዳዬን ሥራ 70 በ90 ሴንቲ ሜትር አድርጌ አሳነስኩት። የሞተ ነገር ሆነ። ግድግዳ ላይ ክንዴ የሚዞረው ከትከሻው ነው፤ ሸራው ላይ የሚሠራው የእጄ አንጓ ብቻ። ግድግዳውን ስንጥቁ፣ ፀሐዩ፣ በሥሩ የሚያልፈው ባጃጅ ያግዙታል፤ ነጭ ሸራ ምንም አያግዝም። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ሥዕል የሚሸጥ አንድ ሰው ወደደውና አሥር ተመሳሳይ አዘዘኝ። ሠራሁለት። ብሩ የቤት ኪራዬን ለወራት ችሏል፤ ሥዕሎቹን ግን ዛሬም ባገኛቸው መልሼ እገዛቸዋለሁ።

መውጫውን ያገኘሁት ሐረር ነው። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ስፕሬይ ይዤ ገብቼ አላውቅም፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ እዚያ ግድግዳ መቀባት የቤተሰቡ ወግ ስለሆነ ነው። አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ሮዙ በበዓል በበዓሉ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባል። አንድ ቀን ጠባብ መንገድ ላይ መዳፍ የሚያህል የተላጠ ቦታ አገኘሁና ቆሜ ጠርዙን ቆጠርኩ፦ አምስት ቀለም። ድሬ ተመልሼ ሸራ ላይ አምስት ጊዜ ደረብኩ፤ ከዚያ የአዴን ግድግዳ በፋቅኩበት በዚያው ስፓቱላ መፋቅ ጀመርኩ። ፊደሎቹ ከሥር እየወጡ መጡ። የራሴ የምለው ሥዕል ያን ቀን ተጀመረ። የሐረሩ ልጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አባቱ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ፤ እሱ ግን ያን ሙያ አልገለበጠም፤ ጀርመን ተምሮ መጥቶ የራሱን አብስትራክት ሠራ። ይህን ሳስብ ልቤ ይረጋጋል።

አሁን ቀኔን ለሁለት የሚከፍለው የድሬ ሙቀት ነው። ንጋት 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ 3 ሰዓት ግድግዳ ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይግላል፤ ስፕሬዩ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አቧራ ይሆናል። ጣሳው ራሱ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም፤ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ መሄድ አደጋ ነው። ቀትር ላይ ከተማው ሲተኛ እኔም እተኛለሁ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ሸራ።

በጤናዬ የከፈልኩበትም አለ። አንድ ሰሞን መስኮት ዘግቼ ክፍል ውስጥ ስፕሬይ ስነፋ ራሴን ያመኝና ያቅለሸልሸኝ ነበር። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ የቲነር ሽታ አያግድም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው። አሁን ስፕሬይ የምነፋው ደጅ ብቻ ነው። ሸራ ላይ ደግሞ በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ከሥር፣ ሲንቴቲክ ከላይ፤ ሲገለበጥ አይያያዝም፣ ይላጣል።

ስለ ገንዘብ፦ የሆቴልና የካፌ ግድግዳ በካሬ እሠራለሁ፣ ቀብድ ሳልቀበል ቀለም አልገዛም። እሱን ግራፊቲ አልለውም፤ ሥራ ነው። የሰፈር ግድግዳ በነጻ ነው፣ ቀለሙ የሚገዛው ከሸራ ሽያጭ ነው። ሸራ ላይ ሙሉ ስሜን እፈርማለሁ፣ የሰፈር ግድግዳ ላይ አልፈርምም። «የመንገዱን ነገር ተው፣ ዋጋህን ያወርደዋል» ብለው የመከሩኝ ነበሩ። ብተወው ሸራው ላይ የምፍቀው ምን ይኖረኛል?

ባለፈው ሳምንት በአዴ ቤት በኩል አለፍኩ። በሩን ልጇ አረንጓዴ ቀብቶታል፤ ያ ሁሉ ሐረግ ጠፍቷል። ማጠፊያው ጋ ግን አረንጓዴው ተሰንጥቆ ጥፍር የሚያህል ቀይ ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። አሁን ፍሬም ላይ ያለው ሸራ የመጨረሻ ልብሱ አረንጓዴ ነው፤ እስኪደርቅ እየጠበቅኩት ነው።