ጨው የጨመረው ማነው?

ጾም ላይ ያለች ወጥ ሠሪ የምታበስለውን አትቀምስም። ቀማሿ እጇና አፍንጫዋ ናቸው። ሽንኩርቱን በሽታው፣ ቁሌቱን በመልኩ፣ ጨውን ደግሞ በጣቷ ቆንጥራ ትለካለች። ወጥ ከሆነ ትንሽ ቢዛነፍም መላ አለው። ውኃ ይጨመርበታል፣ ሽሮ ከሆነ ዱቄት ይነሰነስበታል። እንቁላል ጥብስ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም። አንዴ ጨው ከበዛበት በቃ በዛበት።

የምሠራው ሰው ቤት ነው። ሳሪስ አካባቢ፣ እትዬና ጋሼ ዘንድ። ሁለቱም ጾም አያፈርሱም። ረዳቴ ልጅም ትጾማለች፣ እኔም እጾማለሁ። ስለዚህ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ የፍስክ መጥበሻ፣ የፍስክ ማንኪያና ቢላ ታጥበው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። እስከ ገና የሚነካቸው የለም።

ባለፈው ታኅሣሥ ግን መጥበሻው ቶሎ ወረደ። የእትዬ ትልቁ ልጅ ከነሚስቱና ከነሁለት ልጆቹ ከቨርጂኒያ መጣ። ገናን ከእናትና አባቱ ጋር ሊያከብር ነው። እነሱ አይጾሙም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የሚፈልጉት እንቁላል ነው። የሐበሻ እንቁላል! አስኳሉ ቢጫ መሆኑን ሲያዩ እዚያ የሚገዙትን ሁሉ ረሱት።

እውነቱን ለመናገር የእንቁላሉ ሥራ ደስ ብሎኛል። ሰው ቀላል ያደርገዋል እንጂ እንቁላል መጥበስ የራሱ ሙያ አለው። ከመንደር የሚመጣውን እንቁላል መጀመሪያ ውኃ ውስጥ እከተዋለሁ። አዲሱ ወደ ታች ይሰምጣል። የቆየው ውስጡ አየር ስለሚበዛ ወደ ላይ ይላል። ከዚያ አንድ አንዱን ሲኒ ላይ ሰብሬ ነው ወደ መጥበሻው የማንሸራትተው። በቀጥታ መጥበሻው ላይ የምትሰብር ሴት አንድ የተበላሸ ካጋጠማት ከሰባት ደህና እንቁላል ጋር አብራ ትጥለዋለች። ረዳቴን በመጀመሪያ ያስተማርኳት ይህንን ነው።

ሌላው እሳቱ ነው። ልጅየው አስኳሉ እንዲፈስለት ይፈልጋል። ለሕፃናቱ ደግሞ አስኳሉ እንዲበስል ነው የምፈልገው። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ ያልበሰለ አስኳል አይሰጥም፤ በእንቁላል የሚመጣ የሆድ በሽታ አለና። ነጩ ከ62 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። እሳቱ ኃይለኛ ከሆነ ታቹ ሲያር ላዩ እንደ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ እሳቱን ቀንሼ፣ በማንኪያ ትንሽ ውኃ ጠርዙ ላይ ጠብ አድርጌ እከድነዋለሁ። እንፋሎቱ ላዩን ያበስለዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቨርጂኒያ የለመደው ልጅ "እኔ ቤት እኮ በአንዴ ነው የሚደርሰው" ቢለኝም መልሴ "እዚህ ትታገሳለህ" ነው።

እትዬ የልጃቸውን ሰሃን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

"ይሄ ጥሬ እኮ ነው! ልጄን ልታሳምሙብኝ ነው?"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ሥሩልኝ ያልኩት።"

"ዝም በል አንተ!"

ነገሩ የተፈጠረው አንድ አርብ ጠዋት ነው። ቁርስ የሚበሉት አራቱ ሲሆኑ እንቁላሉ ስምንት ነበር። እኔ ትኩስ ዳቦ ላመጣ ወጣሁ። ረዳቴ እንቁላሉን በሲኒ በሲኒ ሰብራ መጥበሻው ላይ አደረገች። ጨው ጨመረችበት። በዚህ መሃል በር ተንኳኳ፣ ልትከፍት ሮጠች። እትዬ ደግሞ ከጸሎት ተነስተው በወጥ ቤቱ በኩል ሲያልፉ መጥበሻው እሳት ላይ ሆኖ አዩት። ሰው የለም። ሽታውን ሳቡት። "እነዚህ ልጆች ጨው ረስተው ይሆናል" ብለው ለእንግዳ የሚበቃ ጨው አደረጉበት። የእትዬ ቁንጣሪ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

እኔ ዳቦውን ይዤ ስገባ እንቁላሉ ደርሷል። መልኩ አምሯል። ጨው በዓይን አይታይ። በሰሃን አደረግሁ፣ ቃሪያ አስቀመጥኩበት፣ በጎን ሚጥሚጣ አቀረብኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚጥሚጣችን ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ልጅየው ደግሞ ሚጥሚጣ ናፍቆት ነው የመጣው። ላዩ ላይ ነሰነሰበት።

በላ። ውኃ ጠጣ። እንደገና በላ፣ እንደገና ውኃ ጠጣ።

"እንዴት ነው?" አሉት እትዬ።

"ቆንጆ ነው፣ እማዬ። እጃችሁ ይባረክ።"

ሚስቱም አንገቷን ነቀነቀች። ዳቦውን ብቻ ነበር የምትቆርሰው። ይሉኝታ እንደዚህ ነው። ለወጥ ሠሪ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ተመጋቢው "ጣፋጭ ነው" እያለ ውኃ ከጠጣ፣ እኔ በምን አውቄ ላስተካክል? ሐበሻ ተሰድዶ ሃያ ዓመት ቢቆይ እንኳ ይሉኝታውን አይረሳም።

ትንሹ ልጅ ግን ይሉኝታ አላስተማሩትም። አንድ ጊዜ ጎረሰና አፉን ይዞ ቀረ።

"አባዬ፣ ይሄ እንደ ባሕር ውኃ ነው!"

ቤቱ ጸጥ አለ። አባትየው ሳቁን መያዝ አቃተው። እትዬ ወደ ወጥ ቤት ዞሩ። ዓይናቸው ያረፈው ረዳቴ ላይ ነው።

"አንቺ! ስንት ጨው ነው የጨመርሽው?"

ልጅቷ ሁለት ጣቷን አገጣጥማ አሳየች። አንድ ቁንጣሪ። ድምፅዋ አልወጣም። እንደ እውነቱ ከሆነ በእሷ ቦታ ያለች ልጅ "እኔ አይደለሁም" ብትል እንኳ ማን ያምናታል? ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ይህን ታውቀዋለች። ጥፋት ሲፈለግ የሚጀመረው ከወጥ ቤት ነው፣ ከወጥ ቤትም ከትንሿ ልጅ። እኔም አፌን ልከፍት ስል እትዬ ቀደሙኝ። ጣታቸውን አዩ። እንደገና ልጅቷን አዩ።

"ቆይ... አንቺ ጨምረሽ ነበር እንዴ? እኔም እኮ ጨምሬበታለሁ!"

ጋሼ ከሳሎን ሆነው "እኔ ደግሞ ልጨምርበት ልነሳ ነበር" አሉ። ያኔ ነው ሁሉም የሳቀው። ረዳቴም ሳቀች፣ ግን ትንሽ ቆይታ። እትዬ እቅፍ አደረጓትና ግንባሯን ሳሟት። እኔ ባየሁት ቤት ሁሉ ይህን የሚያደርጉ እመቤቶች ብዙ አይደሉም።

እንቁላሉን አልጣልነውም። ስምንት እንቁላል በዚህ ዘመን ይጣላል? ከታተፍኩት። ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት በዘይት አብስዬ፣ ጨው ያልነካው ሌላ ስድስት እንቁላል መትቼ ጨመርኩበት። የተከተፈውን አብሬ አገላበጥኩት። ፍርፍር ሆኖ ወጣ። ሚጥሚጣውን ከገበታ አነሳሁት። ትንሹን ልጅ ጠርቼ "ቅመስልኝ" አልኩት። ቀመሰና አውራ ጣቱን አነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍስክ ቀማሻችን እሱ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ገና ፊቱን ሳይታጠብ ወጥ ቤት መጥቶ ይቆማል። ሥራውን በጣም አክብዶት ነበር።

በኋላ ግን ልጁ ሄዶም የሚያገለግል ዘዴ ያስፈልገን ነበር። እኔ ጨው ገበታ ላይ ይቅረብ፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይጨምር አልኩ። ጋሼ ደገፉኝ። ደም ግፊት አለባቸው፣ ሐኪም ጨው ቀንስ ብሏቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በዚያ አርብ ስንት ግራም እንደገባ ባላስበው ይሻላል። እትዬ ግን ወይ ፍንክች!

"ጨው የሌለው ምግብ ለእንግዳ ላቅርብ? ምን ይሉኛል?"

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። መጨረሻ ላይ በጨው ዕቃው ተስማማን። ጨው ያልገባበት ምግብ እሳት ላይ ካለ ዕቃው ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። የጨመረ ሰው ወዲያው ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ካለ ማንም፣ እትዬም ቢሆኑ፣ እጃቸውን አይሰዱም። ረዳቴ ይህን ሕግ ከሁላችንም በላይ ወደደችው። የሚከስሳትም የሚመሰክርላትም ያ ዕቃ ነዋ።

የገና ዕለት እትዬና ጋሼ ሌሊቱን አስቀድሰው መጡ። ዶሮው ደርሷል። ልጅየው ግን እናቱ በእሱ ዓይነት የተጠበሰ እንቁላል እንዲቀምሱለት ለመነ። ረዳቴ ጠበሰችው፣ ከድናም አስኳሉን ለስላሳ አድርጋ አወጣችው። እትዬ ዳቦ ቆርሰው አስኳሉን ነኩት። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

"ጥሬነቱስ ይሁን" አሉ። "ግን ጨው የለውም።"

ወደ ወጥ ቤት ዞር ብዬ አየሁ። የጨው ዕቃው ምድጃው አጠገብ ነው። ረዳቴ ፈርታ አልነካችውም፣ እኔ እሷ ጨምራለች ብዬ ትቼዋለሁ፣ ቀማሻችን ደግሞ ገና አልነቃም። ጋሼ ተነስተው ዕቃውን ራሳቸው አመጡት።

"በሉ፣ አሁን ማን እንደሚጨምር ተነጋገሩ" አሉና ወደ ዶሮው ዞሩ።