ቀዩ ላይ የቆመችው መርፌ

ባለፈው መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት በአሮጌው ሲሪዝ 3 ላንድሮቨሬ እየወጣሁ ሳለ፣ የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው መርፌ ቀስ በቀስ ከፍ ብላ ቀዩ ላይ ቆመች። መኪናውን ዳር አስይዤ ኮፈኑን ስከፍት ግን እንፋሎትም ሆነ የሚፈስ ውሃ አላገኘሁም፤ ሞተሩም እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ ይዞር ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል አቀዝቅዤ ሳስነሳው መርፌዋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደዚያው ቀይ ቦታዋ ተመለሰች።

የአዲስ አበባ ሰው የሙቀት መለኪያን ነገር ችላ ለማለት የማይችልበት ምክንያት አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የእኔ ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ላዩ ላይ የተቀረጸው መክፈቻ ደግሞ 82 ዲግሪ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆ እንኳ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አምቆ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ስለሆነ፣ የክዳኑ ላስቲክ የደከመበት አሮጌ መኪና እዚህ አገር በቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ቀዩን አይቶ መደንገጥ ሞኝነት አልነበረም።

ጋራዥ ስወስደው ግን ድንጋጤዬ ወደ ወጪ ተለወጠ። መጀመሪያ ራዲያተሩ ታጠበ፤ ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ተቀየረ፤ ከዚያ የሙቀት ሴንሰሩ በአዲስ ተተካ። መርፌዋ አንድ ቀን ዝቅ ብላ ዋለችና በማግስቱ ተመልሳ ወጣች። በመጨረሻ መካኒኩ እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ ቴስታታው ሳይነካ አልቀረም» ሲለኝ፣ ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተሩን ክፍል፣ ከማስወረዴ በፊት ራሴ ላየው ወሰንሁ።

ፍንጩ የተገኘው ፈጽሞ ባላሰብሁት ቦታ ነበር። በዚህ መኪና ላይ የነዳጁና የሙቀቱ መለኪያዎች ከፍጥነት መለኪያው ጎን በአንድ ክብ መስታወት ሥር ይገኛሉ። ከእንጦጦው ቀን ጀምሮ ነዳጅ የቀዳሁት ሃያ ሊትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የነዳጁ መርፌ ሙሉ ሊባል የተቃረበ ምልክት ላይ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ይህን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር፤ መኪናዬ ነዳጅ መቆጠብ የጀመረ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልሁ እንጂ። ሁለት መርፌዎች በአንድ ጊዜ ወደ ላይ የሚዋሹ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከሞተሩም ከታንከሩም ሳይሆን ሁለቱ ከሚጋሩት ነገር መፈለግ አለበት።

የሚጋሩት ነገር ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተሰቀለ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ የቮልቴጅ ስታቢላይዘር ነው፤ ሥራው በየቤታችን ፍሪጁ አጠገብ ከምናስቀምጠው ጋር ይቀራረባል። በእነዚህ መለኪያዎች ውስጥ መርፌዋን የሚገፋት ኤሌክትሪክ የሚያሞቀውና ሲሞቅ የሚጎብጥ የሁለት ብረቶች ቅጠል ነው፤ መርፌዋ ዝግ ብላ የምትንቀሳቀሰውም በዚህ ምክንያት ነው። የባትሪው ቮልቴጅ ሞተሩ ሲጠፋ 12፣ ዲናሞው ሲሞላ ደግሞ 14 ገደማ ስለሚሆን፣ ንባቡ አብሮ እንዳይዋዥቅ ስታቢላይዘሩ መስመሩን ደጋግሞ እየቆረጠና እየቀጠለ በአማካይ 10 ቮልት ያሳልፋል። መቁረጥ የሚችለው ግን በውስጡ ያለው ሽቦ ሲሞቅ ነው፤ ሽቦው የሚሞቀውም ቀፎው ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቭ መስመር፣ በትክክል ሲያገኝ ነው። ማሳው ከጠፋ ስታቢላይዘሩ መቁረጡን ይተውና 14ቱን ቮልት እንዳለ ይለቅቀዋል፤ ሙቀት በቮልቴጁ ስኩዌር መጠን ስለሚያድግ፣ መለኪያው ውስጥ ያለው ቅጠል የሚያገኘው ሙቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ይህን ለማረጋገጥ ብዙ መሣሪያ አላስፈለገኝም። በመጀመሪያ በተዋስሁት የጨረር ቴርሞሜትር የቴርሞስታቱን ቤት ስለካው 84 ዲግሪ አነበበ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ቀጥሎ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነውን ሽቦ ከሴንሰሩ ላይ ስነቅል መርፌዋ ወደ ቀዝቃዛው ወረደች፤ ስለዚህ ሽቦው መንገድ ላይ ከብረት ጋር አልተነካካም። (ይህንኑ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ለአፍታ ቢያነካኩት መርፌዋ ወደ ቀዩ መሄድ አለባት፤ ነገር ግን ብዙ ካቆዩት መለኪያው ይቃጠላል።) በመጨረሻ ቴስተሩን በስታቢላይዘሩ መውጫ ላይ አደረግሁ። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ወዲህ ወዲያ ይዘል ነበር፤ የእኔው 13.9 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ስታቢላይዘሩን የያዘችውን አንዲት ብሎን በካቻቪቴ ስፈታ ሥሯ በዝገትና በአሮጌ ቀለም ተሸፍኖ አገኘሁት። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትጌ መልሼ ሳጠብቀው የቴስተሩ ቁጥር መዝለል ጀመረ።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም፤ አሁን ደግሞ የሙቀቷ መርፌ ከተገቢው በታች ሆነች። ሴንሰሩን ስፈታ ጥርሱ ዙሪያውን በነጭ የቧንቧ ቴፕ ተጠቅልሎ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሴንሰር አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ስለሆነ ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው፤ ቴፑ ግንኙነቱን ሲያደክመው መለኪያው ሞተሩ የቀዘቀዘ መስሎት ዝቅ ይላል። ጋራዥ ውስጥ አንድ ቀን «ተሻላት» ያስባለን ይኸው ቴፕ ነበር። ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ስሕተት አደገኛ ነው፤ ያለ ምክንያት ቀዩን የምታሳይ መርፌ ገንዘብ ታስወጣለች፣ ሞተሩ እየጋለ ዝቅ ብላ የምትታይ መርፌ ግን በእርግጥም ቴስታታ ታስወርዳለች።

ቴፑን ልጬ፣ ጥርሱን አጽድቼ፣ ሴንሰሩን በመዳብ ቀለበቱ ብቻ አሰርሁት። በማግስቱ ያንኑ የእንጦጦ ዳገት ስወጣ የሙቀቷ መርፌ ከመካከሉ ንቅንቅ አላለችም። የነዳጇ መርፌ ግን ባዶው አፋፍ ላይ ስለነበረች፣ ጫፍ ሳልደርስ ዞሬ ወደ ማደያ ወረድሁ።