አርምስትሮንጎቹ

ሰሞኑን ማታ ማታ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ስም እየደጋገመ ይመጣብኛል፤ አርምስትሮንግ። አንዱ ጨረቃን ረገጠ፣ አንዱ ትራምፔት ነፋ፣ አንዱ በብስክሌት ገነነ፣ አንዱ ኤፍ ኤም ሬዲዮን ፈለሰፈ። ሞክሼነታቸው ብቻውን አይገርመኝም፤ ስሙ ብዙ ሰው ያለው ስም ነው። የያዘኝ ስሙ እያንዳንዳቸው ዘንድ የደረሰበት መንገድ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የኒል ቀላል ነው። አርምስትሮንጎች በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር በዘረፋ የታወቁ ጎሳ ነበሩ። ኒል ከጨረቃ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1972፣ ላንግሆልም ወደምትባለው የጎሳው ከተማ ሄዶ የክብር ዜግነት ተቀበለ። ዳኛው ታዲያ ከተማዋ ውስጥ የተገኘ አርምስትሮንግ ሁሉ ይሰቀል የሚል፣ 400 ዓመት ያስቆጠረና ያልተሻረ ሕግ አነበቡለት። እዚያ መገኘት ነበር!

ትራምፔት ነፊው ሉዊስ ጋ ስንደርስ ሳቁ ይቀራል። በ1901 በኒው ኦርሊንስ ሲወለድ የቤተሰቡ የባርነት ዘመን ገና ሩቅ አልነበረም። ከባርነት የወጡ ብዙ ሰዎች የጌቶቻቸውን ስም ይዘው ቀርተዋል፤ ሌሎች ነጻ ሲወጡ የወደዱትን መርጠዋል። ስሙን ብቻ አይቶ ከኒል ጋር ማዛመድ እንግዲህ ያስተዛዝባል። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ጥሎት ሄደ፤ የተወለት ስሙን ነው። ዓለም ስሙን ያወቀው ግን በልጁ ትንፋሽ ነው።

ብስክሌተኛው ላንስ ሲወለድ ጉንደርሰን ነበር። አርምስትሮንግ ያሰኘው በጉዲፈቻ የወሰደው የእንጀራ አባቱ ነው። በ2012 ከሰባት የቱር ደ ፍራንስ ድሎች ላይ የተፋቀውም ይኸው የተቀበለው ስም ነው።

ኤድዊንን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ያሳዘነኝ እሱ ነው። በ1933 የኤፍ ኤም የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አገኘ። ኮሽታና ጩኸት የማያውከው ጥርት ያለ ድምፅ ለሬዲዮ ያመጣው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሬዲዮ ኩባንያውን አር ሲ ኤን ከመሳሰሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር በዚሁ የፈጠራ መብት ክርክር ገንዘቡም ጉልበቱም አለቀ። በጥር 1954 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ባለቤቱ ማሪዮን ከመጋባታቸው በፊት የዚያው የአር ሲ ኤ ሹም የዴቪድ ሳርኖፍ ጸሐፊ ነበረች። ባሏ ሲሞት ክሱን አልተወችም። አር ሲ ኤ በስምምነት ከፈላት፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ ተከታተለቻቸው፤ የመጨረሻውን፣ የሞቶሮላን፣ በ1967 ረታች። ስሙን ያገኘችው በጋብቻ ነው፤ በፍርድ ቤት የተሟገተችለት ግን እሷ ናት። ከአርምስትሮንጎቹ ሁሉ አሁን በሰፊው ማንበብ የምፈልገው ስለ እሷ ነው።